ሽጉጥ ሲከሽፍ ምን ይደረጋል?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ስለ መሣሪያ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሰርግ ላይ ይተኮሳል። ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ እንኳ ድምፁን ሰምቶ «ይህ የእገሌ ምንሽር ነው» ብሎ ይለያል። ስለዚህ ከከተማ የመጣ ተማሪ ለገበሬ ስለ መሣሪያ ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ሰው ቢስቅበት አይፈረድም። እኔም ተስቆብኛል። ይሁን እንጂ እኔ የምጽፈው ስለ መተኮስ አይደለም። መሣሪያው አልተኩስም ሲል ምን ይደረጋል? ወዴት ይወሰዳል? ማንስ ይየው? የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ነገሩ የተነሣው በማታ ትምህርት ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም አጠገብ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ለማስተማር ተመድቤ ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል አንድ ሽማግሌ አሉ። ፊደሉን ጨርሰው ቁጥር ጀምረዋል። አንድ ማታ ሌላው ሰው ሲበተን እርሳቸው ቀረት አሉ። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና «ልጄ፣ እስቲ እዚህች ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ፤ ፊደሉ የኛ አይደለም» አሉኝ። ጨርቁ ሲፈታ ሽጉጥ ነው። አፈሙዙ ልክ ወደ ሆዴ ዞሯል።

«አባቴ፣ ጎርሷል እንዴ?» አልኋቸው።

«ኧረ እሱስ የከሸፈ ነው። አምና ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ልተኩስ ብል እንቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሳብሁት። ጠቅ ይላል እንጂ አይጮህም።»

«ጥይቶቹስ?»

«እዚያው ናቸው። ወዴት ይሄዳሉ?»

እንግዲህ ይህ ሽጉጥ 6 ጥይት እንደ ጎረሰ ዓመት ሙሉ ከሽማግሌው ትራስ ሥር ተኝቷል ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸውም በዚያው መደብ ላይ ይተኛሉ።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት አሉት። ሰው ምላጭ ስቦ ጥይቱ አልነሣም ሲል «ከሸፈ» ይባላል። ሰው ሳያስበው መሣሪያው በራሱ ሲጮህ ደግሞ «ባረቀ» ይባላል። ለብዙ ሰው እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ይመስሉታል። የከሸፈ መሣሪያ የሞተ፣ ከእንግዲህ የማይባርቅ ይመስለዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የዛገና የተበላ ብረት አንድ ቀን እንቢ ይላል፤ ሌላ ቀን ሳይጠየቅ ይመልሳል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት የሽጉጡን ሆድ ዕቃ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድመን ጥይቱን እንይ። ጥይት አራት ነገር ነው። ከውጭ የሚታየው ቀለህ ነው። በቀለሁ ውስጥ ባሩድ አለ። ከፊት አረሩ ተሰክቷል። ከኋላ፣ ከቀለሁ ቂጥ መካከል፣ ምስር የምታክል ክብ ነገር ትታያለች። ይህች ነገር እንደ ክብሪት ራስ ናት፤ ስትመታ እሳት ትሰጣለች። ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ክብሪቷ» እንበላት። ክብሪቷ ባሩዱን ታቀጣጥለዋለች። ባሩዱ በቅጽበት ይነድና ብዙ ጢስ ይሆናል። ጢሱ መውጫ ሲያጣ አረሩን እየገፋ በአፈሙዙ ይወጣል።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንመለስ። ሽማግሌው የያዙት ካዝና ያለው ሽጉጥ አይደለም፤ ስድስት ጎራሽ የሚባለው ነው። መካከሉ ላይ 6 ቀዳዳ ያለው ድቡልቡል ብረት አለው። ትንሽ ከበሮ ስለሚመስል «ከበሮው» እንበለው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጥይት ይገባል። ምላጩ ሲሳብ ሦስት ነገር ይሆናል። ከበሮው አንድ ቀዳዳ ያህል ይዞራል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ መቀርቀሪያ ብቅ ብላ፣ ልክ እንደ በር መቀርቀሪያ፣ ከበሮውን እንዳይነቃነቅ ትይዘዋለች። ከዚያ መቺው በሞላ ኃይል ወደፊት ይወድቅና ክብሪቷን ይመታታል። ይህ ሁሉ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ይፈጸማል።

ከነዚህ አንዱ ሲያጓድል ነገር ይበላሻል። ሞላው ከደከመ መቺው ክብሪቷን ቧጨር አድርጓት ይቀራል፤ ይህ መክሸፍ ነው። መቺውን ወደ ኋላ ስቦ የሚይዘው ጥርስ ከተበላ ደግሞ መቺው ሳይነኩት ያመልጣል፤ ይህ መባረቅ ነው። መቀርቀሪያዋ ከተበላች ከበሮው ከቦታው ሳይደርስ ወይም አልፎ ይቆማል። ያን ጊዜ የጥይቱ ቀዳዳና የአፈሙዙ ቀዳዳ ፊት ለፊት አይገጥሙም። አረሩ የአፈሙዙን ጠርዝ ገጭቶ ይላጫል፤ የእርሳሱ ፍንጣሪ በጎን ወጥቶ የተኳሹን እጅ ወይም አጠገቡ የቆመውን ሰው ዓይን ይመታል። ይባስ ሲልም ብረቱ ይፈነዳል። የሽጉጡ ባለቤት ግን ከውጭ ሲያየው ያው የአባቱ ሽጉጥ ነው።

ስለ መውደቅም አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ የድሮ ስድስት ጎራሾች የመቺው ጫፍ በቀጥታ በክብሪቷ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ከመደብ ላይ በመቺው በኩል ቢወድቅ ምላጭ የሚስብ ሰው አያስፈልገውም፤ መሬቱ ራሱ ይመታዋል። በአሜሪካ አገር የድሮ ኮልት ይታጠቁ የነበሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ 5 ጥይት ብቻ አጉርሰው፣ ከመቺው ሥር ያለውን ቀዳዳ ባዶ ይተዉት ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ሽጉጦች ይህን የሚከላከል ብረት ከውስጥ አላቸው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ የላቸውም።

ምላጩ ተስቦ «ጠቅ» ብቻ ሲል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው። ወይ ደግሞ ይስባል፣ ወይ አፈሙዙን ወደ ፊቱ አዙሮ «ምን ሆነች?» ብሎ ያያታል። ሁለቱም ክፉ ነው። አንዳንድ ጊዜ በእርጥበት የተጎዳች ክብሪት ወዲያው አትነድም። እንደ እርጥብ ጭራሮ ውስጥ ውስጡን ትጨስና ዘግይታ ባሩዱን ትይዘዋለች። በዚህ መካከል አፈሙዙ ወደ ፊቱ የዞረበት ሰው ምን እንደሚያገኘው መናገር አያሻም። ምላጩን ደግሞ የሳበው ሰውስ? ከበሮው ስለሚዞር ያች የዘገየች ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ወደ ጎን ትሄዳለች። እዚያ ስትነድ አረሩ መውጫ የለውም፤ የሽጉጡን ብረት ነው የሚመታው። ስለዚህ ሽጉጥ ሲከሽፍ አፈሙዙን ሰውም ከብትም ቤትም ወደሌለበት እንዳዞሩ፣ ጣትን ከምላጩ አውጥቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ነው። ቀስ ብሎ እስከ 60 የቆጠረ ሰው አይሳሳትም። ቁጥር ለዚህም ይጠቅማል።

ተኩሱ የወትሮውን ያህል ሳይጮህ «ፉስ» ብሎ ሲቀርም ያስፈራል። ባሩዱ ሳይነድ ቀርቶ ክብሪቷ ብቻዋን አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ሸጉጣው ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጥይት የተኮሰ ሰው በተደፈነ ቧንቧ ውስጥ ተኮሰ ማለት ነው። አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይቀደዳል።

ወደ ሽማግሌው ሽጉጥ ልመለስ። በዚያች ማታ መጀመሪያ ያደረግነው ማንበብ አልነበረም፤ ባዶ ማድረግ ነበር። እኔ አልነካሁትም። እንዴት እንደሚከፈት አላውቅማ! የማያውቅ ሰው የማያውቀውን መሣሪያ መነካካት የለበትም፤ የሚያውቅ ይጥራ። ከጎረቤት ወታደር የነበሩ ሰው አስጠራን። እርሳቸው መጥተው ልጆቹን ከቤት አስወጡ። አፈሙዙን ወደ ለስላሳ አፈር አዞሩት። ወደ ድንጋይ አላዞሩትም፤ አረር ከድንጋይ ነጥሮ ይመለሳልና። በጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍተው ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየገፉ አወጡ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። ከዚያም እያንዳንዱን ቀዳዳ በመብራት አዩት። ስሙ ስድስት ጎራሽ ስለሆነ 6 ቆጥሮ ማቆም አይበቃም። ለምሳሌ ናጋን የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ የሚጎርሰው 7 ነው።

ጥይቶቹን በሰፌድ ላይ ደርድረን ስናይ ብዙ ነገር ተማርን። በሦስቱ ክብሪት ላይ የመቺው ምልክት አለ። ምልክቷ እንደ መርፌ ጠብታ ናት፤ ጥልቀት የላትም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክብሪቷ በደንብ ተሰርጉዳ ሳለ ጥይቱ ካልተነሣ ጥፋቱ በአብዛኛው የጥይቱ ነው፤ አርጅቷል ወይም እርጥበት ገብቶታል። ስርጉዷ ጥልቀት ከሌላት ግን ጥፋቱ የሽጉጡ ነው፤ መቺው አቅም አጥቷል። የሽማግሌው ሽጉጥ ሁለተኛው ነበር። ስለዚህ «ጥይቱን ብቻ ልለውጠው» ቢሉ ኖሮ ገንዘባቸውን ያባክኑ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የጥይቶቹ ቂጥ ላይ የተጻፈው ነው። አራቱ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አላቸው። ሁለቱ ሌላ ናቸው። መለየታቸውን ያዩት እኔ ሳልሆን ሽማግሌው ናቸው። «እነዚህ ሁለቱ ቁጥራቸው ሌላ ነው'ኮ» አሉ። ለካ ሁለቱን ከገበያ ሰው ነው የገዟቸው፤ «ይገባል» ብሎ ሸጠላቸው። እውነትም ይገባል። ግን ልል ነው። ጥይት ሁሉ የራሱ ልክ አለው፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ሲገባ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የስንዴ ፍሬ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ቀለሁ ዙሪያውን የሚደግፈው ብረት ስለሚያጣ በተተኮሰ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ እሳቱም ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውየው ፊት ይመለሳል።

በሽጉጡ ጎን ላይ የተጻፈውን በመጨረሻ አነበብሁላቸው። «ብሬሺያ» ይላል። ብሬሺያ በሰሜን ኢጣሊያ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከጥንት ጀምሮ በመሣሪያ ሥራ የታወቀች ናት። ሽማግሌው አልገረማቸውም። «አባቴ ከጣሊያን የማረከው ነው» አሉ። ኋላ ጠጋኙ እንደ ነገረን ዓይነቱ ቦዴዮ ይባላል። የኢጣሊያ ጦር ይህን ሽጉጥ መታጠቅ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ነው። የጥይቱ ልክ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያን ጎጃምን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ሲቆይ አርበኞች ብዙ መሣሪያ ማርከውበታል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግም መሣሪያ በየመንገዱ ቀርቷል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሽጉጥ ዛሬ ቢያንስ የ80 ዓመት አዛውንት ነው። ብዙው ከዚያም ይበልጣል፤ ሠሪዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝም።

የሞላው ድክመት ከየት መጣ? ሽማግሌው ሽጉጡን የሚንከባከቡት በቅቤ ነበር። ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ነው፤ አንዳንዱ ሞራ፣ አንዳንዱ የምግብ ዘይት ይቀባል። ለወራት ያበራል፤ ያምራልም። ግን ቅቤና ሞራ ሲከርሙ ይደድራሉ። አቧራ ይይዛሉ። በክረምት ብርድ ደግሞ እንደ ሰም ይሆኑና መቺውን ያዘገዩታል። ከዚህም ሌላ የድሮ ጥይት ክብሪት ስትነድ ጨው የመሰለ ነገር ትታ ትሄዳለች። ጨው ውኃ እንደሚስብ የታወቀ ነው፤ በክረምት የጨው ከረጢት ሲረጥብ ሁላችንም አይተናል። አፈሙዙ ከውስጥ የሚዝገው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮ ወታደሮች ከተኩስ በኋላ አፈሙዙን በፍል ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በኋላ ነበር የመሣሪያ ዘይት በስሱ የሚቀቡት። በስሱ ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ዘይት ሲበዛ ወደ ጥይቱ ይወርድና ክብሪቷን ይገድላታል።

እንግዲህ ማን ይጠግነው? ሽማግሌው አስቀድመው የወሰዱት የአካባቢው ባለእጅ ዘንድ ነበር። ይህ ባለእጅ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ሥራው የተመሰገነ ነው። ሽጉጡን አገላብጦ አይቶ፣ «አያ፣ ይህ የኔ አይደለም። ሞላው እሳት ከገባ ልቡን ያጣል» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው አኩርፈው ነበር። እኔ ግን ይህን ሰው አከብረዋለሁ። የተናገረው እውነት ነው። ማጭድ ግሎ በውኃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ግሎ በራሱ ሲበርድ ይለሰልሳል። የሽጉጥ ሞላ በሁለቱ መካከል ባለ ልክ የተሠራ ነው። በዘፈቀደ እሳት ያየ ሞላ ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ ወይ እንደ ሰም ይታጠፋል። በሞረድ ጥርሱን «ላሹልልህ» የሚል ሰው ደግሞ የከሸፈውን ሽጉጥ ወደሚባርቅ ሽጉጥ ይለውጠዋል። አላውቅም የሚል ባለእጅ ከማያውቀው ገብቶ ከሚፈተፍት ይሻላል።

ባለእጅን መናቅ የቆየ ጥፋታችን ነው። አፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከውጭ ሲለምኑ ከመኖር እዚሁ ማሠራት ይሻላል ብለው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የፈረንጅ ባለሙያዎችንና የአገር ባለእጆችን ሰብስበው ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያልፉ የጋፋት ሥራም አብሮ ቆመ። አንድ ቦታ የተሰበሰበ ሙያ ሲበተን መልሶ መሰብሰቡ ምን ያህል ዘመን እንደሚወስድ ከዚህ ይታያል። ይህን ያነሣሁት በመንገዴ ነው፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መሣሪያ የሚጠግንም እንዲሁ። ስለዚህ ሽጉጥ ይዞ ከገበያ ገበያ «ጠጋኝ አለ ወይ?» እያሉ መዞር ችግር ያመጣል። መጀመሪያ ወደ ወረዳው ፖሊስ የሚኬደው ሽጉጡን ቤት ትቶ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ነው። ፈቃድ ያለው ጠጋኝ የት እንዳለ፣ መሣሪያውን ለማጓጓዝ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ እዚያ ይጠየቃል። ደንቡ እንደ ጊዜው ይጠብቃል። ለምሳሌ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እንደዚያ ባለው ወቅት አምና የተፈቀደው ዘንድሮ ሊከለከል ይችላልና ሳይጠይቁ ከቤት አለመውጣት ነው።

ሽማግሌው ወረቀት ነበራቸው። ከሳጥን አውጥተው አመጡት፤ ማኅተም አለው፤ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለበት። ለዓመታት እንደ ታቦት ጠብቀውታል፤ አንብበውት ግን አያውቁም። ከመሄዳችን በፊት የወረቀቱን ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር እንዲያስተያዩ ነገርኋቸው። መነጽር የላቸውም፤ ወረቀቱን አርቀው ይዘው በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ቆሙ። ሽጉጡ ላይ 7 ነው፤ ወረቀቱ ላይ 1 ተጽፏል። ደግመው አዩ። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት የኔ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸው ተለወጠ።

ወረቀቱ የርሳቸው ነው። የጻፈው ሰው ሲገለብጥ ተሳስቶ ነው። ግን አስቡት፤ በመንገድ ላይ ፍተሻ ቢይዛቸው ወረቀቱ የሌላ ሽጉጥ ወረቀት ነው፤ እርሳቸውም ወረቀት በሌለው ሽጉጥ ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለ ስሕተት ያለበት ወረቀት በየሳጥኑ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል። ወደ ቢሮው ሁለት ጊዜ ተመላለስን። በመጀመሪያው ቀን «ነገ ኑ» ተባልን። በሁለተኛው ቀን መዝገቡ ተገላብጦ ትክክለኛው ቁጥር ተገኘና ተስተካክሎ ተጻፈ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የአሻራውን ቀለም ገፋ አደረገላቸው። ሽማግሌው ቀለሙን ወደ ጎን አድርገው ብዕር ጠየቁ። ስማቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ትንሽ አጉረመረመ።

ደብዳቤውን ይዘን በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ሄድን። ሽጉጡ ባዶ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በከረጢት ውስጥ ነው። ጥይቶቹ አብረውን አልሄዱም። በየፍተሻው ሳንጠየቅ ቀድመን ደብዳቤውን እናሳይ ነበር። ይህ ጠቅሞናል፤ ከረጢት ውስጥ ሽጉጥ በፈታሽ እጅ ሲገኝና ባለቤቱ ራሱ ሲናገር አንድ አይደለም።

ጠጋኙ ጠና ያሉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ባዶ ነው ብለን ብንሰጣቸውም አላመኑንም። ከፍተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አልተቀየምንም፤ እንዲያውም ሰውየው ሥራቸውን እንደሚያውቁ የገባን ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከአፈሙዙ በስተኋላ ነጭ ወረቀት አድርገው ብርሃኑን በቀዳዳው አዩ። መቺውን ወደ ኋላ አቁመው በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ ያዘ። ከበሮውን ዘግተው በሁለት ጣት ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ። ደግመው በሌላው ቀዳዳ ሞከሩ፤ ያውም ቀጭ ቀጭ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞላው ይለወጣል» አሉ። «የደረቀውን ቅቤ አጥቤ አወጣዋለሁ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን መቀርቀሪያው ተበልቷል፤ ከበሮውን አይዘውም። ለዚህ ሽጉጥ መለዋወጫ የሚሠራ ሰው ዛሬ የለም። ሞላውን ብቻ ለውጬ ብሰጥዎ ሽጉጡ ይተኩሳል። የሚተኩሰው ግን ወደፊት ይሁን ወደ ጎን እኔ አላውቅም።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የከሸፈውን ሽጉጥ ሞላ መለወጥ ቀላል ነው። ዋጋውም አይከብድም። ያን ቢያደርጉት ኖሮ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር፤ በሚቀጥለው ሰርግም ይተኩሱ ነበር። ሽጉጡን እስካሁን ከማንም ጉዳት የጠበቀው ሞላው መድከሙ ነው።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ አልተውም። «በሬ ሸጬም ቢሆን ይሠራልኝ። ያባቴ ነው» አሉ።

«በሬዎን አይሽጡ» አሉ ጠጋኙ። «በሬው ያርሳል። ይህ ከእንግዲህ አይሠራም።»

ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ ጠጋኙ ሌላ ሐሳብ አመጡ። የመቺውን ጫፍ አውጥተው ሽጉጡ ጨርሶ እንዳይተኩስ ያደርጉታል፤ አጥበው፣ የዛገውን ጠርገው፣ ዘይት በስሱ ቀብተው ይመልሱታል። ለመታሰቢያ ይቀመጣል። ይህም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ የማይተኩስም ቢሆን ፖሊስ ሳያውቀው አይቀመጥም። ሽማግሌው ሽጉጡን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጫፏን ብቻ ነው የምታወጣት?» አሉ። «ጫፏን ብቻ» አሉ ጠጋኙ። እሺ አሉ።

ስለ ጥይቶቹ ሳልናገር እንዳልጨርስ። የከሸፈ ጥይት ቀላል ቆሻሻ አይደለም። እሳት ውስጥ ከተጣለ ይፈነዳል። እርሻ ውስጥ ከተቀበረ አንድ ቀን ማረሻ ወይም የልጅ ጣት ያገኘዋል። ልጆች ናሱን ለጌጥ ፈልገው በድንጋይ ሲቀጠቅጡት እጃቸውን ያጣሉ። ባሩዱን አወጣለሁ ብሎ መፍታትም ያው ነው። በደረቅ ቦታ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥና ለፖሊስ ይሰጣል። የሽማግሌውን ስድስቱንም በማግሥቱ ይዘን ሄድን። ተረኛው ቆጠራቸውና በደረሰኙ ላይ 6 ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ደረሰኙን ተቀብለው ወዲያው አላጠፉትም፤ ቁጥሩን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ስማቸውን አዩ። ከዚያ አጥፈው ከሽጉጡ ወረቀት ጋር በአንድ ላይ በኪሳቸው ከተቱት።